እትዬ ዘነበች ድምፁን አጥፍተው ያዩት ዘፈን

እትዬ ዘነበች ማረፋቸውን የሰማሁት አትላንታ አጠገብ ሎረንስቪል፣ ልጄ ትምህርት ቤት በር ላይ የመኪና ሰልፍ ይዤ ሳለሁ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር። የደወለው የወንድማቸው ልጅ ዮሴፍ ነው።

«ማርታ፣ እየነዳሽ ነው?» አለኝ።

ሰው እንዲህ ብሎ ሲጀምር የሚቀጥለው ይታወቃል። «ቆሜያለሁ፣ ንገረኝ» አልኩት።

«አክስቴ ትናንት ከሰዓት አረፈች። ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ነበር። እንቅልፍ የወሰዳት መስሎን ዝም አልናት።»

ከኋላዬ ያለው መኪና ጡሩንባ ነፋብኝ። ሰልፉ ተንቀሳቅሶ ኖሯል። ወደፊት ተጠጋሁ። ልጄ ገብታ ቀበቶዋን አሰረችና ስለ ሒሳብ ፈተናዋ ማውራት ጀመረች። እኔም «እሺ፣ እሺ» እያልኩ ቤት ደረስኩ። ያለቀስኩት በማግስቱ፣ የባለቤቴን ሸሚዝ ስተኩስ ነው። አንገትጌው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ።

ከእትዬ ዘነበች ጋር አራት ዓመት አብረን ሠርተናል። ዶራቪል ውስጥ፣ ቡፎርድ ሀይዌይ ላይ፣ በአንድ የቬትናሞች ዳቦ ቤትና በአንድ የጥርስ ሐኪም መሀል የተሸጎጠ ላውንደሪ ነበር። የላውንደሪው ባለቤት ሚስስ ሃን የሚባሉ ኮሪያዊት ናቸው። እኔ በዲቪ በመጣሁ በሦስተኛው ወር ገባሁ፤ ሥራዬ ልብስ መለየትና የወለቀ ቁልፍ መትከል ነበር። እትዬ ዘነበች ያን ጊዜ ሰባት ዓመት ቆይተዋል። ሰው ሥራቸውን ሲጠይቃቸው «ተኳሽ ነኝ» ይላሉ። ጠያቂው «ወታደር ነበሩ እንዴ?» እስኪል ጠብቀው «ሸሚዝ ነው የምተኩሰው» ይሉና ራሳቸው አይስቁም።

ቀጭን፣ ጠይም፣ አንገታቸው ረዘም ያለ ሴት ነበሩ። ያ የመተኮሻ ማሽን በእግር ፔዳል ነው የሚሠራው። አንዱን ሲረግጡት ከላይ ያለው ሰሌዳ ይወርዳል፣ ሌላውን ሲረግጡት እንፋሎት ይለቃል። ሌሎቹ ተኳሾች ፔዳሉን እንደ ጠላት ይረግጡታል። እሳቸው ይነኩታል እንጂ አይረግጡትም፤ ተረከዛቸው መሬት ሳይለቅ፣ በእግራቸው ጣት ብቻ። በሐምሌ የጀርባው ክፍል እንደ ምድጃ ሲግል እኛ ሁላችን ጠረጴዛ ላይ እንደገፋለን። እሳቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ።

«አይደክምዎትም?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ይደክመኛል እንጂ። ግን ድካምን ሰው ፊት አያራግፉትም፤ አቧራው ሌላውም ላይ ነው የሚያርፈው።»

ሁለታችንም ሊቶኒያ ስለምንኖር በእኔ መኪና ነበር የምንመላለሰው። ጠዋት ገና ሳይነጋ 285 አውራ ጎዳና ላይ ነን። እሳቸው በዚያ መንገድ ላይ ብዙ አያወሩም። መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጭናቸው ላይ ያደርጋሉ፤ አያነቡትም፤ እጃቸውን ብቻ ይጭኑበታል። እሑድ እሑድ የሚሄዱበት የአበሻ ቤተ ክርስቲያን አለ፣ እዚያ ለመጣ ሰው ሁሉ ወንበር የሚያወጡት እሳቸው ናቸው። እኔ ሬዲዮ ስከፍት ዘፈን ከሆነ እጃቸው ቀስ ብሎ ይሄድና ይቀንሰዋል። አይቆጡም። «ጌታን ከተቀበልኩ ወዲህ ዘፈን ትቻለሁ፣ አንቺ ግን ከፈለግሽ ስሚ» ይሉኛል። እንዲህ ካሉኝ በኋላ መስማት ይከብደኛል።

የሚስስ ሃን ልጅ ግሬስ ትባላለች። እዚሁ አትላንታ የተወለደች የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ኮሌጅ ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ ፊት ለፊት ካውንተሩ ላይ ትቆም ነበር። እትዬ ዘነበችን «ሚስስ ዘኒ» ነበር የምትላቸው። አንድ የጸደይ ሳምንት ይቺ ልጅ ነገረ ሥራዋ ሁሉ ተለወጠ። ደንበኛ ቆሞ እያየችው ታብሌቷ ላይ ታፈጣለች። ምን እንደሆነ ስጠይቃት፣ መካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለች የምትወዳቸው የኮሪያ ሴት ዘፋኞች ከስንት ዓመት ዝምታ በኋላ አዲስ ዘፈን ከነቪዲዮው አወጡ አለችኝ። የቡድኑን ስም ብዙ ጊዜ ነግራኛለች፤ እኔ እስከዛሬ አስተካክዬ ልጠራው አልቻልኩም።

«እነዚህ እኮ ሲኒየር ናቸው» አለችኝ። «ኮሪያ ውስጥ ይሄ የልጆች ሥራ ነው። ሠላሳ ዓመት ሲጠጉ አሮጊት ይሏቸዋል። ኮሜንቱን ብታዪው፣ ለምን ቤታቸው አይቀመጡም ነው የሚሉት።»

እናቷም የሚሉት ይህንኑ ነበር። ሚስስ ሃን የልብስ ከረጢት እየጎተቱ አለፉና አንድ ነገር በኮሪያኛ ተናገሩ። ግሬስ ዓይኗን አንከባለለች። «አግብተው መውለድ ነበረባቸው ትላለች።»

ይህን ለእትዬ ዘነበች በአማርኛ ስነግራቸው ፈገግ አሉ። «ሠላሳ ዓመት! እስቲ አሮጊቶቹን አምጪልኝ» አሉ።

ምሳ ሰዓት ነበር። ግሬስ ደስ ብሏት ታብሌቱን ወደ ጀርባ ክፍል ይዛ መጣች። እትዬ ዘነበች መነጽራቸውን አደረጉና፣ መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ቢኖር ድምፁን ማጥፋት ነው። ግሬስ ደነገጠች። «ዘፈኑን አይሰሙም?» ብላ እኔን ጠየቀችኝ። «ዘፈን አይሰሙም፣ በሃይማኖታቸው ምክንያት ነው» አልኳት። «ታዲያ ምኑን ነው የሚያዩት?» አለች።

እግራቸውን ነበር የሚያዩት።

ቪዲዮው ብዙ ብልጭልጭ የለውም። አምስት ሴቶች ግራጫ ሱፍ ለብሰው ባዶ የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ይደንሳሉ። በመስኮቱ የሚገባው ብርሃን የከሰዓት ብርሃን ነው። አንዷ ፀጉሯን ስትመልስ የደከማት መሆኑ ያስታውቃል፤ አልደበቁትም። እትዬ ዘነበች ድምፅ በሌለበት አንዴ አዩት። «ሱፉን የተኮሰው ሰው ሥራውን ያውቃል» አሉ። ከዚያ እንደገና ከፈቱት። ሦስተኛውን ጊዜ ሲያዩ የያዙት ማንኪያ ወደ ምሳ ዕቃው ተመለሰ።

«ዋን ኢዝ ኖት ሂር» አሉ ለግሬስ።

«ምን?»

ወደ እኔ ዞሩ። «አንዷ ጎድላለች በያት። ስድስት ነበሩ። ከቀኝ ሁለተኛዋ የለችም። ቦታዋን ትተውላታል። ሲጠጋጉ እንኳ እዚያ ጋ አይጠጉም፤ ሲዞሩም ዞረውላት ነው የሚያልፉት። እዪው እግራቸውን።»

እኔ ምንም አልታየኝም ነበር። ለግሬስ ስተረጉምላት ግን ፊቷ ተለዋወጠ። ታብሌቱን ተቀብላ ቆማ አየችው፣ ወደ ኋላ መልሳ አየችው። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች። ቡድኑ በእርግጥ ስድስት ነበር። አንዷ ታማ ወጥታለች፤ ከወጣች በኋላ ስሟን የሚያነሳ አልነበረም፤ በቃለ መጠይቅም አይጠየቅም። ግሬስ ቪዲዮውን ሠላሳ ጊዜ ያህል አይታዋለች፣ አልታያትም።

«እንዴት አወቁ?» አለች።

እትዬ ዘነበች የምሳ ዕቃቸውን ክዳን ገጠሙና ወደ ማሽናቸው ሄዱ። በዚያ ከሰዓት በኋላ ቀጥ ብለው አልቆሙም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጠረጴዛውን ተደግፈው አየኋቸው።

ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱ ተዘጋግቶ ነበር። ሃያ ደቂቃ ያህል ከቆምን በኋላ በራሳቸው ጊዜ ጀመሩ።

«እኔ ጨፋሪ ነበርኩ፤ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«በደርግ ጊዜ የአሰላ ኪነት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ስድስት ሴቶች ነበርን። በአይፋ የጭነት መኪና ተጭነን በየወረዳው እየዞርን እንጨፍራለን። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ፊት የምትቆመው ጥሩወርቅ ትባላለች። ረጅም፣ ሰው ሁሉ እሷን ብቻ የሚያይ። ጓደኛዬ ናት፤ ስንዞር አንድ ፍራሽ ላይ ነው የምንተኛው። ኋላ ያስላት ጀመር። ላብ ያጠምቃታል። አንድ ቀን መሀረቧ ላይ ደም አየሁ። አየችኝ። ‹አዲስ አበባ ደርሰን እስክንመለስ ለማንም አትንገሪ፣ በእናትሽ› አለችኝ። አዲስ አበባ ትልቅ መድረክ ነበረን። ለዚያ ስንት ወር ነው የተለማመድነው።»

ከፊታችን ያለው መኪና ትንሽ ተጠጋ። እኔም ተጠጋሁ።

«ነገርኩ» አሉ። «ለኃላፊው ነገርኩት። በማግስቱ ሆስፒታል ወሰዷት። ኃላፊው እኛን አሰለፈና ‹ጠጋ ጠጋ በሉ› አለን። ተጠጋን። ቦታዋ አንድ ከሰዓት ውስጥ ጠፋ። ፊት እኔ ቆምኩ።»

«ለጤናዋ ብለው ነው እኮ የተናገሩት።»

«እንደዚያ ብዬ ለራሴ ስንት ዘመን ነገርኩት። ለጤናዋም ነበር። ቦታዋንም እፈልግ ነበር። ሁለቱም ሆዴ ውስጥ ነበሩ፤ የትኛው ቀድሞ እንደወጣ አላውቅም።» መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ከጭናቸው አንስተው ከፊት መሳቢያው ውስጥ አስገቡትና ዘጉት። «የከፋው እሱ አይደለም። ዓመት ያህል ቆይታ ዳነችና መጣች። እኛ አሰላ ኳስ ሜዳ ላይ እንጨፍራለን። አጥሩን ይዛ ቆማለች። ከስታ፣ ነጠላ ለብሳ። አየኋት። አየችኝ። ዓይኔን በላይዋ አሳልፌ ሕዝቡን አየሁ። ማርታ፣ እግሬ እንኳ አልተሳሳተም። ቢሳሳት ምን ነበረበት? አንድ ምት ብስት ኖሮ እንዳየኋት ታውቅ ነበር።»

«ንስሐ ገብተው የለም?» አልኩ፣ የማይረባ ነገር መሆኑን እያወቅኩ።

«ጌታ ይቅር ብሎኛል። እሱን አምናለሁ። እሷ ግን አልተጠየቀችም። እነዚያ የኮሪያ ልጆች ለጓደኛቸው ያደረጉትን አየሽ? ያን ማድረግ ይቻል ነበር ማለት ነው። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ አይቻልም ነበር እያልኩ ነው የኖርኩት። ደከመኝ።»

ፈልጊልኝ አላሉኝም፤ ግን ከእኔ እንደሚጠብቁ ገባኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም በዚያ ዓመት በሁለት ሥራ ተወጥሬ ስለነበር ሌላ ሰው ቢፈልግላቸው በወደድኩ። ሆኖም አሰላ የሚኖር አንድ የአባቴ ዘመድ ነበረና ጠየቅኩት። እሱ አንድ ጡረተኛ መምህር ጠየቀ። መምህሩ ደግሞ የኪነቱን ከበሮ መቺ ያውቀው ኖሯል። በአምስተኛው ሳምንት አንድ ስልክ ቁጥር መጣልኝ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ አዳማ ናቸው፣ የልጆች ዩኒፎርም እየሰፉ ይኖራሉ።

ቁጥሩን በወረቀት ጽፌ ስሰጣቸው አጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት። አሥር ቀን እዚያው ዋለ። በአሥራ አንደኛው ጠዋት ላውንደሪው በር ላይ መኪናውን ፓርክ ሳደርግ «አሁን ደውዪ» አሉኝ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነበር፤ እነሱ ጋ ስምንት ሰዓት ይሆናል። ስልኩን እኔው ይዤ ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ሃሎ?» አለ አንድ ወፍራም የሴት ድምፅ። ከበስተኋላ የልብስ ስፌት መኪና ይሰማል።

«ጥሩዬ፣ ዘነበች ነኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ።

«የትኛዋ ዘነበች?»

«የኪነቷ።»

ደህንነት አልተጠያየቁም። እትዬ ዘነበች ቀጥታ ገቡበት። «መሳልሽን ለኃላፊው የነገርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማን ይነግረኛል? መሀረቡን ያየሽው አንቺ ብቻ ነበርሽ። ባትናገሪ እሞት ነበር። ሐኪሙ ብትዘገዪ ኖሮ ብሎኛል። በዚያ ተቀይሜሽ አላውቅም። ኳስ ሜዳው ላይ ግን ስመጣ አላየሽኝም። ሕዝቡ ብዙ ስለነበር ይሆናል እላለሁ። ፀሐዩም ፊትሽ ላይ ነበር።»

እትዬ ዘነበችን አየኋቸው። በሩ ተከፍቶላቸዋል። አዎ፣ ፀሐይ ነበር ቢሉ ያልቃል። እኔ ብሆን እላለሁ። ግንባራቸውን በመዳፋቸው ያዙና፣ «አይቼሻለሁ» አሉ። «አይቼሽ ነው።»

አዳማ ላይ አንድ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል። ከዚያ «እሺ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፤ ስልኩም ተዘጋ።

«መልሼ ልደውል?» አልኩ።

«ተዪ። ሰምታለች» ብለው ከመኪናው ወረዱ። የዕለቱን ሸሚዝ ሁሉ ተኮሱ። ሚስስ ሃን ፊታቸውን አይተው አመመዎት ወይ ብለው ጠየቁ፤ «ኖ፣ አይ አም ጉድ» አሉ። በሚቀጥሉት ሳምንታት ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነፈሱም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ነገሩን ባላመጣሁት ብዬ ተጸጽቼ ነበር። ግሬስ የዘፋኞቹን ሌላ ቪዲዮ ልታሳያቸው ስትመጣ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው መለሷት። በቀስታ፣ ትከሻዋን ነካ አድርገው።

በስድስተኛው ሳምንት፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ መንገድ ላይ ሳለን የእኔ ስልክ ጠራ። የኢትዮጵያ ቁጥር ነው። «ያቺን ሴትዮ ስጪኝ» አለ ያ ወፍራም ድምፅ። ሰጠኋቸው።

«ያ የመጨረሻው ጭፈራ» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ሰላምታ የለም ምን የለም፣ «በቀኝ ነበር በግራ እግር የምንጀምረው? ለልጅ ልጄ ላሳያት ብዬ ጠፋብኝ።»

«በግራ» አሉ እትዬ ዘነበች።

«በቀኝ መሰለኝ።»

«በግራ ነው፣ ጥሩዬ። በቀኝ ከጀመርሽ ዙሩ አይደርስልሽም።»

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እትዬ ዘነበች ይደውላሉ። ብዙውን ጊዜ ሲከራከሩ ነው የምሰማው፤ ስለ እግር፣ ስለ ቀሚስ ቀለም፣ አይፋው የተበላሸበት መንገድ የቱ ጋ እንደነበር። ይቅርታ የሚል ቃል በሁለቱ መሀል ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም። በየዓመቱ «በመጪው ክረምት እሄዳለሁ» ይላሉ። አንዱን ዓመት ጉልበታቸው ከለከላቸው፣ ሌላውን ልባቸው። እኔም ሎረንስቪል ገባሁ፣ ሥራም ቀየርኩ፤ ሄጄ የጠየቅኳቸው በጣት የሚቆጠር ጊዜ ነው። ለመጨረሻ ጊዜ ሳያቸው ከወንበር ተነስተው ሊቀበሉኝ ሞከሩ፤ እንዲቀመጡ ለመንኳቸው። «አንቺም ደክሞሻል፣ ያስታውቃል፤ ተቀመጪ አብረን እንድከም» አሉኝ። ያን ቀን ብዙም ሳናወራ ተቀምጠን ዋልን።

ከማረፋቸው በኋላ በነበረው ሰኞ ጠዋት፣ ልጄን ካደረስኩ በኋላ፣ መኪናዬ ውስጥ ሆኜ አዳማ ደወልኩ። መርዶ በስልክ አይነገርም። ግን ሄዶ የሚነግርልኝ ሰው አልነበረኝም።

«ወይዘሮ ጥሩወርቅ፣ ማርታ ነኝ። አጠገብዎ ሰው አለ?»

«ሰው አያስፈልገኝም፣ ልጄ። ቅዳሜ ስልኩ ሳይጮህ ሲመሽ አውቄዋለሁ።» ድምፃቸው ደክሟል እንጂ አልተሰበረም። «ተሠቃየች?»

«አልተሠቃዩም። ጋደም እንዳሉ ነው።»

«ጥሩ ነው። ከስድስታችን የምትበልጠው እሷ እንደነበረች ነግራሻለች?»

«ኧረ የሚበልጡት እርስዎ እንደነበሩ ነው ያጫወቱኝ።»

«እኔ ፊት የቆምኩት ረጅም ስለሆንኩ ነው። ለእግርማ እሷን የሚያክል አልነበረም። ገና የመጣች ቀን ነው ያወቅኩት። በየቅዳሜው ዛሬ እነግራታለሁ እላለሁ፤ ከዚያ ሌላ ወሬ እናነሳለን።»

«ለምን አልነገሯቸውም?»

«ቂም ነው» አሉ። «ሁሉን ትቼላት ትንሿን አስቀርቼ ነበር።»

ከዚያ ቀብሩ መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ረቡዕ፣ በእኛ እኩለ ቀን፣ በእናንተ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው አልኳቸው።

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«አንድ ሰዓት ተኩል ያህል።»

«እንግዲያው ከአንድ ሰዓት እስከ ሁለት ተኩል በእግሬ እቆማለሁ፣ አልቀመጥም» አሉኝ።